ከስንቁ በፊት

ከዳባት ወዲያ ካለ ደጋ የመጣች የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሰፈራችን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ጎንደር የገባችው በአገሯ ያለው ትምህርት ቤት በግጭቱ ምክንያት ስለተዘጋ ነው። እናቷ በሶና ቆሎ፣ አንዳንዴም ድርቆሽ በመኪና ይልኩላታል። አንድ ቀን ቡና ላይ «ጥናት እንዴት ነው?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «እትዬ፣ እናቴ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ስንቅሽ አለቀ ወይ ብላ ነው። ስለ ጥናቴ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለችኝ።

በእናቷ አልፈረድኩም። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ስለማያውቁት ነገር ምን ብለው ይጠይቁ?

ውድ አንባቢያን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ነው። ኩረጃውን ለማስቀረት የተደረገ ነውና አልቃወመውም። በዚያ ዓመት ግን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከቤቱ ወጥቶ አድሮ የማያውቅ የገጠር ልጅ የፈተናውን ሳምንት በማያውቀው ግቢ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ያድራል። ያጠናውም ቢሆን በድንጋጤ ሊጠፋበት ይችላል።

ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች መካከል አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራት እንድትቀመጥ ለመንኳት። እኔ ሒሳብ ታስረዳታለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ይዛ መጣች፤ ሰዓት አስይዛ አሠራቻት። በከበዳት ጥያቄ ላይ ሰዓቷን ከምትጨርስ አልፋ እንድትመለስ አስለመደቻት። አንድ ቀንም የዩኒቨርሲቲውን አጥር ዞረው አዩ። ልጅቷ ማታ ስትመለስ «ያን ያህል አያስፈራም» አለችኝ። እኔ ለወራት ስመክራት ይህን አልሰማሁም!

ይህ ለጎንደር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው የነበረው ግጭት ወላጆችን እንቅልፍ ሲነሣ፣ የከተማችን ነዋሪዎች ከሩቅ የመጡ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» ሆነው ተቀብለዋል። በበዓል ይጠሩታል፣ ሲታመም ይጠይቁታል፣ ሲሰንፍ ይቆጡታል። ያልወለዱትን ልጅ ለመቆጣት ወግ ሲያገኙ፣ ልጁም ተቆጪ ሲያገኝ ደስ ይላል። የእኔ ቅሬታ ይህ ደጅ የሚከፈተው ዩኒቨርሲቲ ለገባው መሆኑ ነው። ክፍል ተከራይቶ በሶ እየበጠበጠ የሚያጠናው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጅስ?

ልጅቷ ፈተናውን በ2017 ዓ.ም. ወሰደች። ግማሹን ለጥቂት ሳተችው፤ በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ግን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ያቺ ወጣት አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልላታለች።

ክረምት ላይ እናቷ ገብስ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ልጃቸውን ምን ብለው እንደሚጠይቁ ተመካከርን። አሁን ሲደውሉ ከስንቁ በፊት «ፊዚክሱስ እንዴት ሆነ?» ይላሉ አሉ። ፊዚክስ ምን እንደሆነ ግን ገና አልነገርናቸውም።