ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻ

የዛሬው የጤና ንግግራችን ስለ ትከሻ ነው። በሬዲዮ ያላዳመጣችሁ እንድታነቡት፣ ያዳመጣችሁም ለጎረቤት እንድትሰጡት በዚህ ወረቀት አትመነዋል።

አንዲት እናት የልጃቸውን ክንድ በነጠላ አስረው ወደ ክሊኒካችን ይዘውት መጡ። «ልጄ፣ ደግሞ ወለቀበት፤ ይኼ ስድስተኛው ነው» አሉኝ። ልጁ የ21 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል። መጀመሪያ የወለቀበት በረኛ ሆኖ ኳስ ሲይዝ፣ እጁን ዘርግቶ ወድቆ ነው። ሁለተኛው ጀሪካን ሲያነሳ። ስድስተኛው ግን ካኔቴራ ሊለብስ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ! እናቱ «ዕድሉ ሆኖ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ዕድል አይደለም፤ ምክንያት አለው።

ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጡና አስቡት። ትከሻችን የተሠራው እንደዚያ ነው። የክንዳችን አጥንት ጫፍ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን በጣም ጠፍጣፋ ስለሆነ ከክቡ ሲሶ ያህሉን ቢይዝ ነው። እጃችን በሁሉም አቅጣጫ የሚዞረውም፣ ከሌሎች ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ትከሻ የሚወልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል በጎድጓዳው ዙሪያ እንደ ጎማ ያለ ከንፈር አለ፤ ጅማቶች ከዚያ ከንፈር ጋር ተያይዘው አጥንቱን ይይዛሉ፤ ጡንቻዎች ደግሞ ከውጭ ይደግፋሉ።

ትከሻ ሲወልቅ ከ100 ጊዜ ውስጥ 95 ያህሉ ወደ ፊት ነው የሚወጣው። ሲወጣ የፊተኛውን ከንፈር ከአጥንቱ ይገነጥለዋል። አጥንቱ ተመልሶ ቢገባም የተገነጠለው ከንፈር ብዙውን ጊዜ በቦታው አይጣበቅም። በሩ ተዘጋ እንጂ መቀርቀሪያው ተሰብሯል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ያነሰ ምክንያት ይበቃዋል። በተለይ ከ20 ዓመት በታች ሆኖ የወለቀበት ወጣት ከግማሽ በላይ ዕድል ይደግመዋል። ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ ሰው ያን ያህል አይደግመውም፤ ግን የትከሻው ጅማት ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ከገባለት በኋላ ክንዱን ማንሳት ካቃተው ተመልሶ ይምጣ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ በሚጥለው ጊዜ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። እሱ ከማንኛውም ቀዶ ጥገና በፊት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት፤ አለዚያ የተሰፋው ይበጠሳል።

አሁን ስለ ወጌሻ ልናገር፤ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። ጎበዝ ወጌሻዎች አሉ፤ እጃቸው የሚያውቀውን እኔ በትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ነገር ግን እጅ ራጅ አይደለም። አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ መጎተቱ ይበልጥ ይሰብረዋል። ይህን ልጅ በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሰው በኃይል ጎትቶት ከትከሻው ጎን ያለው ቆዳ ለሁለት ወር ደንዝዞ ነበር። እዚያ የሚያልፍ ነርቭ ተጎድቶ ነው፤ ደግነቱ ተመለሰለት። ስለዚህ ሲወልቅ አትጎትቱ። ክንዱን ባለበት ሁኔታ በነጠላ ወይም በሻሽ ደግፋችሁ አምጡት። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብና ሻይ አትስጡት። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከደነዘዙ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

በጋለ ብረት ብብትን መተኮስም በካምፓችን አይቻለሁ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራተስ ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት ለሚደጋግም የትከሻ ውልቃት ይህንኑ ይመክር ነበር። ሐሳቡ የላላው ቦታ ጠባሳ ሲይዝ ይጠብቃል የሚል ነው። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም። ዛሬ ግን የተገነጠለው የቱ እንደሆነ ታውቋል፤ ያለውም ከቆዳው ብዙ ጠልቆ ነው። ብብት ውስጥ የክንዱ ዋና ደም ሥርና ነርቮች ያልፋሉ፤ በእሳት የሚነካ ቦታ አይደለም።

የተገነጠለውን ከንፈር መልሶ የመስፋትን ነገር የለንደኑ ሐኪም ባንካርት በ1923 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፤ ቀዶ ጥገናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ያኔ ትከሻው በሰፊው ይከፈት ነበር። አሁን በትንንሽ ቀዳዳዎች ይሠራል። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ይከፍታል፤ እያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። በአንዱ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ ካሜራ ይገባል፤ ሐኪሙ ውስጡን በቴሌቪዥን ያያል። በሌሎቹ መሣሪያዎች ይገባሉ። በጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ትንንሽ ችንካሮች ይተከላሉ፤ ከችንካሮቹ ጋር ባለው ክር ከንፈሩ ወደ ቦታው ተስቦ ይታሰራል። ችንካሮቹ እዚያው ይቀራሉ፤ አይወጡም። ታካሚው ተኝቶ ስለሆነ አያመውም።

ይህ ግን ለሁሉም አይሆንም። ትከሻው ብዙ ጊዜ የወለቀ ሰው የጎድጓዳው ጠርዝ ራሱ ይሸረፋል። ሲኒ ማስቀመጫው ከተሸረፈ ከንፈሩን መስፋት ብቻ አይበቃም። ያኔ ከዚያው ከትከሻ ትንሽ አጥንት ቆርጦ በተሸረፈው ቦታ በብሎን ማሰር ያስፈልጋል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ተከፍቶ የሚሠራ ነው። «ስድስት ጊዜ ወለቀ፣ አስርም ቢሆን ያው ነው» የምትሉ ይህን ልብ በሉ፤ ያው አይደለም።

ይህን ቀዶ ጥገና በካምፕ ክሊኒክ አንሠራም። ታካሚው ሪፈር ተጽፎለት ወደ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ለሕይወት አስጊ ስላልሆነ ወላድና የተጎዳ ሕፃን ይቀድሙታል፤ ወረፋው ረጅም ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ልጁ ሪፈር ሲጻፍለት «እንግዲህ ጠብቅ» ብዬ አሰናበትኩት። ለወራት ክንዱን አስሮ ተቀመጠ፤ ጡንቻው ሟሸሸ፤ ከዚያም ተኝቶ ሲገላበጥ ወለቀበት። መጠበቅ ማለት መቀመጥ እንዳልሆነ መንገር ነበረብኝ። ክርንን ከጎን ጋር አጣብቆ፣ ጡጫን በግድግዳ ላይ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም መግፋት፣ አስር እስኪቆጠር ይዞ መልቀቅ፤ የጀርባን ሁለት ሰፌድ አጥንቶች ወደ ኋላ ማቀራረብ፤ ቀስ በቀስ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ አስሮ መሳብ። ገንዘብ አይጠይቅም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ብቻ ተሽሎት ቀዶ ጥገናው ሊቀርለት ይችላል። እጅን እንደ ኳስ ወርዋሪ ወደ ላይና ወደ ኋላ ማድረግ ግን ይቅር፤ የሚያወልቀው ያ ነው።

ልጁ ተራው ደርሶት ተሠራለት። ጠባሳው እንደ ጥፍር ነው፤ ጎረቤትም «ይህችን ነው?» እያለ ሳቀ። ችግሩ የመጣው በዚህ ነው። ከውጭ የሚታየው ቁስል በሁለት ሳምንት ይድናል፤ ከንፈሩ ከአጥንቱ ጋር አጥብቆ የሚያያዘው ግን በሦስት ወር ገደማ ነው። ሕመሙ ከዚያ ቀድሞ ይጠፋል። ሰው ሲሻለው ዳንኩ ይላል።

እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ክንዱ ይንጠለጠላል፤ ሲተኛም ጭምር። ጣት፣ አንጓና ክርን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀሱ። ሐኪሙ ሲፈቅድ ጎንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ደወል ምላስ ማወዛወዝ ይጀመራል። መሬት ላይ በሰሌን ለሚተኛ ሰው በጀርባ መተኛትና ከክርኑ ሥር የተጠቀለለ ልብስ ማድረግ ይረዳል። ክንድን ወደ ውጭ ማዞር በፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ልክ እንጂ በጉልበት አይሆንም። ማጠንከሪያው እንቅስቃሴ በሦስት ወር አካባቢ ይመጣል፤ ኳስና ከባድ ሸክም ወደ ስድስት ወር። እንዲህም ሆኖ አንዳንዱን ሊደግመው ይችላል፤ አይደግምም ብዬ አልዋሻችሁም። ትኩሳት፣ መግል ወይም እየባሰ የሚሄድ እብጠት ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።

የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በሰባተኛው ሳምንት ልጁ ምንም አያመኝም ብሎ ሊያነሳ ሲል እናቱ ደርሰው ከእጁ ነጠቁት። «ጎልማሳ ልጅ አስቀምጣ ራሷ ትሸከማለች» ተብለው በቧንቧው ወረፋ ታምተዋል። እባካችሁ፣ ትከሻው የተሠራለት ሰው በጎረቤታችሁ ካለ ውሃውን አምጡለት፤ ሰነፍ አትበሉት።

ልጁ አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል። በረኛነቱን ገና አልፈቀድንለትም፤ እሁድ እሁድ ፊሽካ ይዞ ያጫውታል። እናቱ ግን አሁንም ካኔቴራውን ራሳቸው ካላለበስኩት ይላሉ፤ እሱን እንዲተዉ ነግሬያቸዋለሁ።

ትከሻው ከአንድ ጊዜ በላይ የወለቀበት ሰው፣ አሁን ባይወልቅም፣ ወደ ክሊኒካችን መጥቶ ያሳየን። ለዛሬ በዚሁ እናቆማለን፤ በቸር ሰንብቱ።