በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል
የቪዲዮ፣ የፎቶግራፍና የማስታወቂያ ሥራ ሲያዙም ሆነ ሲታዘዙ ሊታወቅ የሚገባ

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ ነው። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ቪዲዮ አንሺውን ይጠራና «አንተ እኮ የቤት ልጅ ነህ፤ ሠርጉንም መልሱንም አንሣልን፤ በዋጋ አንጣላም» ይለዋል። አንሺውም «ኧረ ችግር የለም ጋሼ፣ እንኳን ለእናንተ!» ይላል። ተጨባብጠው ይለያያሉ። ቀኑ ተቆርጧል፤ ቀብድም ተሰጥቷል። ስለ ቀረው ጉዳይ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ከሠርጉ በኋላ ሦስት ወር ያልፋል። ሙሽራዋ ያልተቆረጠውን ቀረጻ በሙሉ ትጠይቃለች፤ አንሺው «እሱ ከስምምነታችን ውስጥ የለም» ይላል። የሙሽራው እናት አያቲቱ ሲመርቁ የተነሣው ክፍል ቀርቷል ብለው ያዝናሉ። ይባስ ብሎ ሙሽራዋ ስትጨፍር የሚያሳየው ቁራጭ የአንሺው የሥራ ማስታወቂያ ሆኖ ዩቲዩብ ላይ ብቅ ይላል። ቀሪው ሂሳብ ሳይከፈል ይቀራል። ሽማግሌ ይላካል። የሽማግሌዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ለመሆኑ ምን ብላችሁ ነበር የተስማማችሁት?» የሚል ነው። መልሱ ግን ሁለት ሆኖ ይገኛል።

ከሁለቱ ወገኖች አንዱም አታላይ አልነበረም። የጎደለው በምስል፣ በድምፅና በማስታወቂያ ሙያ ውስጥ «ብሪፍ» የሚባለው ነገር ነው። ብሪፍ ማለት ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ፣ ለማን፣ እስከ መቼና በስንት ዋጋ እንደሚፈልግ ለባለሙያው የሚገልጽበት የሥራ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ዓይነት ዓይነት አለው። የትኛው ዓይነት እንደሆነ አለማወቅ ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል፤ አንዳንዴም ወዳጅነት ያፈርሳል።

የትእዛዝ ዓይነቶች

የመጀመሪያውና በማኅበረሰባችን ዘንድ በብዛት የሚታወቀው የቃል ትእዛዝ ነው። በስልክ ወይም በቡና ላይ ይሰጣል፤ ወረቀት የለውም። ፈጣንና ቀላል በመሆኑ ይወደዳል። የዚህ ዓይነቱ ትእዛዝ ዝነኛ ምሳሌ የናይኪ ኩባንያ ምልክት ነው። በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የግራፊክ ጥበብ ተማሪ የነበረችው ካሮሊን ዴቪድሰን ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት ሠርታ የጠየቀችው ዋጋ 35 ዶላር ነበር። ኩባንያው በ1983 የአልማዝ ቀለበትና የአክሲዮን ድርሻ ሰጥቷታል። ይህ ግን ግዴታ ሳይሆን በጎ ፈቃድ ነበር። በጎ ፈቃድ ደግሞ ለሁሉም አይደርስም።

ሁለተኛው መደበኛ ትእዛዝ ነው። ደንበኛው ፍላጎቱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ የቪዲዮው ርዝመት፣ ተመልካቹ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስ ተዘርዝሮ ይቀመጣል። ግልጽነቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ፍላጎትን መዘርዘር ብቻውን ውል አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው የፈረሙበት እንደሆነ ግን ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም የውል ትእዛዝ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ያልፈጸመ ወገን በሕግ ይጠየቃል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ያልሠፈረ ነገር በኋላ ሲመጣ ነው። ደንበኛው «እግረ መንገድህን ቅልቅሉንም አንሣ» ቢል አንሺው «ተጨማሪ ሂሳብ አለው» ለማለት መብት ይኖረዋል።

አራተኛው የድርድር ትእዛዝ ሲሆን፣ ደንበኛውና ባለሙያው ሐሳባቸውን አጋጭተው በመካከል የሚገናኙበት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የምግብ ቤት ባለቤት የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ይፈልጋሉ እንበል። ወጥ ቤቱም፣ ሙዚቀኞቹም፣ የልጆቻቸው ፎቶም በአንድነት እንዲገባላቸው ይጠይቃሉ። ባለሙያው ደግሞ ያ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ቢጨናነቅ ተመልካቹ የቤቱን ስም እንኳ ሳይይዝ እንደሚያልፍ ያስረዳቸዋል። በመጨረሻ የተስማሙበት ካልተጻፈ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሐሳብ እንደ ስምምነቱ አድርጎ ያስታውሳል።

አምስተኛው ኮሚሽን ይባላል። አንድ ትልቅ ድርጅት ራሱ ከመሥራት ይልቅ ነፃ ለሆነ ባለሙያ ወይም ለአነስተኛ ኩባንያ ሥራውን ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር ቻናል 4 በ1982 ሥርጭት ሲጀምር የተመሠረተው በዚህ አሠራር ላይ ነበር፤ ፕሮግራሞቹን ከውጭ አዘጋጆች እያዘዘ ያቀርብ ነበር። በ1990 የወጣው የብሮድካስቲንግ ሕግ ደግሞ ቢቢሲና አይቲቪ ከፕሮግራሞቻቸው ቢያንስ ሩቡን ከነፃ አዘጋጆች እንዲወስዱ አስገደደ። በኮሚሽን ሥራ ባለሙያው ከመነሻው ክፍያ ሌላ፣ ሥራው በተሸጠ ወይም በታየ ቁጥር ሮያሊቲ ለመቀበል ሊደራደር ይችላል።

ስድስተኛው ጨረታ ነው። ደንበኛው ፍላጎቱን ያስታውቃል፤ ተወዳዳሪዎች ሐሳባቸውንና ዋጋቸውን ያቀርባሉ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሥራ ጨረታዎች «ሳም ዶት ጎቭ» በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚወጡ ሲሆን ለመመዝገብ ገንዘብ አይጠየቅም። «እኔ አስመዘግብሃለሁ» እያለ ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ከመንግሥት የተላከ እንዳልሆነ ማወቅ ይበጃል።

ሰባተኛው የትብብር ትእዛዝ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ባለሙያዎች አንድን ሥራ ይካፈላሉ፤ አንዱ ካሜራ ይይዛል፣ ሌላው ድምፅ ይቀርጻል፣ ሦስተኛው ያቀናብራል። እዚህ ላይ ከደንበኛው ጋር ከሚደረገው ውል በተጨማሪ በባለሙያዎቹ መካከል ሌላ ውል ያስፈልጋል።

ስምንተኛውና የመጨረሻው ውድድር ነው። የዶሪቶስ ኩባንያ በ2006 ተራ ሰዎች ማስታወቂያ ሠርተው እንዲወዳደሩ ጥሪ አድርጎ ነበር። በ2009 ከኢንዲያና ግዛት የመጡ ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት ማስታወቂያ በሱፐር ቦል ዕለት በተመልካቾች ምዘና አንደኛ ወጥቶ 1 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቶላቸዋል። በአንጻሩ ግን በብዙ ውድድሮች ያላሸነፈ ሰው ለድካሙ አንድ ሳንቲም አያገኝም። አንዳንድ የውድድር ደንቦችም የተላከው ሥራ በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት እንዲሆን ያደርጋሉ። ስለዚህ ከመላክ በፊት ደንቡን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያሻል።

የከፈለ ሁሉ ባለቤት ነውን?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ገንዘቤን ከፍዬ ያሠራሁት ቪዲዮ የእኔ ነው» የሚለው አነጋገር ትክክል ይመስላል። በአሜሪካ ሕግ ግን ቅጂውን መያዝና የቅጂ መብቱን መያዝ ለየብቻ ናቸው።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆነው እዚያው ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ የተነሣ ክስ ነው። በ1985 ለቤት አልባ ሰዎች የሚሟገት አንድ ድርጅት፣ በገና ሰሞን የሚታይ ሐውልት እንዲሠራለት ጄምስ ኧርል ሪድ የተባለውን የባልቲሞር ቀራጺ ጠየቀ። ሐውልቱ በመንገድ ላይ በእንፋሎት መውጫ ብረት የሚሞቅ ቤት አልባ ቤተሰብ የሚያሳይ ነበር። ለዕቃና ለረዳቶች የሚወጣው ከ15,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተስማሙ፤ ሪድ የራሱን ጉልበት በነፃ ሰጠ። ውል አልተፈረመም። ስለ ባለቤትነትም አንድ ቃል አልተነገረም። ሐውልቱ በታኅሣሥ 24 ቀን 1985 (እ.ኤ.አ.) ደረሰ፤ ሁሉም ደስ አለው።

ጠቡ የመጣው በኋላ ነው። ድርጅቱ ሐውልቱን ከከተማ ከተማ እያዞረ ለማሳየት ፈለገ፤ ቀራጺው የተሠራበት ነገር ጉዞ አይችልም ብሎ ተቃወመ። ሁለቱም «ባለ መብቱ እኔ ነኝ» ብለው አመለከቱ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሰኔ ወር 1989 (እ.ኤ.አ.) ዳኞቹ በአንድ ድምፅ፣ ሪድ የድርጅቱ ተቀጣሪ ሳይሆን ነፃ ባለሙያ ነው ሲሉ ፈረዱ። በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ስቱዲዮ፣ ለአጭር ጊዜ ሠርቷልና። ድርጅቱ ስላዘዘና ስለ ከፈለ ብቻ የሥራው ደራሲ ሊባል አልቻለም።

ፊልም ሥራ ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ላሪ ኮኸን የተባለው ዳይሬክተር «ዘ ስተፍ» ለተባለ ፊልሙ ልዩ ትዕይንቶች እንዲሠራለት አንድ ኩባንያ አዘዘ። ስለ ቅጂ መብት የተጻፈ ነገር አልነበረም። ኮኸን የፋብሪካው ፍንዳታ አላረካኝም ብሎ የዚያን ሂሳብ ግማሽ ብቻ ከፈለ፤ ቀረጻውን ግን ፊልሙ ውስጥ አስገባው። በ1990 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለቱንም አየ። ኩባንያው ቀረጻውን ሠርቶ ያስረከበው ፊልሙ ውስጥ እንዲገባ ስለሆነ ኮኸን የመጠቀም ፈቃድ አለው አለ። ባለቤትነቱ ግን በጽሑፍ ስላልተላለፈ ከሠራው ኩባንያ ጋር ቀረ። ያልተከፈለውን ገንዘብ ደግሞ በውል ክስ መጠየቅ ይችላል ተባለ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሠርጋችንም፣ ለክርስትናውም፣ ለምግብ ቤቱ ማስታወቂያም ይሠራል። በጽሑፍ የተለየ ነገር ካልተባለ በቀር፣ የሠርግ ቪዲዮ የቅጂ መብት የነፃው አንሺ ነው። ሙሽሮቹ መብቱ እንዲተላለፍላቸው ከፈለጉ አንሺው የፈረመበት ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል። በእንግሊዝ አገርም የ1988ቱ ሕግ መብቱን ለሠሪው ይሰጣል። ነገር ግን ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ፎቶ ወይም ፊልም ያሠራ ሰው ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ የመከልከል መብት አለው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ ስለሌለ፣ «ያለ ፈቃዳችን ለማስታወቂያ አይውልም» የሚለውን በውሉ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።

የቃል ስምምነት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። የኢትዮጵያ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ ብዙውን የቃል ውል ይቀበላሉ፤ ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊፈጸም የማይችል ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ሠርጋቸው ከዓመት በላይ እየቀረው አንሺ የሚይዙ ሙሽሮች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ለነፃ ሠራተኞችም አዲስ ሕግ ወጥቷል። በኒው ዮርክ ከተማ ከ2017 ጀምሮ፣ በመላው ግዛቱም ከ2024 ጀምሮ፣ ነፃ ሠራተኛን በ800 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያሠራ ድርጅት የጽሑፍ ውል የመስጠት ግዴታ አለበት። በካሊፎርኒያም ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ለ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ሥራ ተመሳሳይ ግዴታ ተደንግጓል።

አንድ ገጽ ይበቃል

እንዲህ ያለው ውል አሥር ገጽ መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ላይ የሚከተሉት ቢጻፉ ብዙ ጠብ ይቀራል።

1. ሥራው ምንድን ነው? ሠርጉ ብቻ ነው ወይስ መልሱም ቅልቅሉም? ስንት ካሜራ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?
2. የግድ መነሣት ያለበት ምንድን ነው? የአያቲቱ ምርቃት፣ የሚዜዎቹ ጭፈራ፣ የኬክ ቆረሳው።
3. ዋጋው ስንት ነው? ቀብዱ፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፣ ሠርጉ ቢሰረዝ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?
4. መቼ ይደርሳል? ቢዘገይስ?
5. እርማት ስንት ጊዜ ነው? ከዚያ በላይ ቢጠየቅ ሂሳቡ ስንት ነው?
6. ያልተቆረጠው ቀረጻ ለደንበኛው ይሰጣል? አንሺውስ ለስንት ጊዜ ያስቀምጠዋል?
7. የቅጂ መብቱ የማን ነው? አንሺው ለማስታወቂያ ሊጠቀምበት ይችላል?
8. በቪዲዮው ውስጥ ለሚገባው ሙዚቃ ፈቃድ የሚያመጣው ማነው?
9. አንሺው ቢታመም ማን ይተካዋል?

ከታች ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ቀኑ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ ይይዛል። በአገራችን ልማድና ሕግ መሠረት ሁለት ምስክር ማስፈረም የለመደ ቢኖር ጉዳት የለውም። በአሜሪካ ግን ለእንዲህ ያለው ውል የሁለቱ ፊርማ በቂ ነው። ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በኮምፒውተር የተደረገ ፊርማም በፌዴራል ሕግ ይታወቃል። ወረቀት ማዘጋጀቱ ከከበደ ደግሞ የተባለውን ሁሉ ዘርዝሮ በኢሜይል መላክና «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ መቀበል ከምንም ይሻላል። ገንዘቡ ከፍ ያለ ሥራ ሲሆን ጠበቃ ማማከር ተገቢ ነው።

«ከወንድሜ ጋር እንዴት እፈራረማለሁ? ነውር አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። መልሱ በራሱ በቋንቋችን ውስጥ ይገኛል። «ውል» የምንለው ቃል የልቃቂት ፈትል መነሻውም ስሙ ነው። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ደግሞ ስንት እጅ ቢሳብበት እየተተበተበ ይሄዳል እንጂ አይፈታም። ያ ቪዲዮ አንሺና ያ የሙሽራው ወንድም ቡናው ሳይቀዘቅዝ አንድ ገጽ ጽፈው ቢሆን ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹ የሚጠሩት ለዕርቅ ሳይሆን ለልጅ ክርስትና በሆነ ነበር። ቪዲዮውንም ያነሣ የነበረው ያው የቤት ልጅ ነው።