የዓይን ነርቭ ጉዳት፦ ሴልና የዕድገት ፕሮቲን አብረው
«ዶክተር፣ የተጎዳ የዓይን ነርቭ ይተካል?» ለምትሉኝ፦ ዛሬ ላይ አይተካም። ከረቲና ወደ አንጎል የሚሄዱት አንድ ሚሊዮን ገደማ ቃጫዎች ከተቆረጡ በራሳቸው አያድጉም፤ የወጡባቸው ሴሎችም አብዛኞቹ ይሞታሉ።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያሉ አልበርት አጓዮ ቡድን የአይጥ እግር ነርቭ ወስዶ በተቆረጠው የዓይን ነርቭ ላይ ሲተክል፣ ጥቂት ቃጫዎች በተተከለው ነርቭ ውስጥ አድገው አንጎል ደረሱ። ትልቅ ግኝት ነበር!

የሴሎቹን መሞት በተመለከተ ደግሞ፣ ቢዲኤንኤፍ የተባለው የዕድገት ፕሮቲን የሴሉን ሞት ያዘገያል፤ ቃጫውን ግን እምብዛም አያስረዝምም፣ በመርፌ ሲሰጥም ቶሎ ያልቃል። ፕሮቲኑን ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ከሚችል ሴል) ጋር ማጣመር ያስፈለገው ለዚህ ነው፦ ሴሉ ዓይን ውስጥ ሆኖ ፕሮቲኑን ሳያቋርጥ እንዲያመነጭ። በእንስሳት ላይ ተስፋ አለው፤ ለሰው ገና የጸደቀ ሕክምና አይደለም።

«ስቴም ሴል እንወጋለን» ለሚሏችሁ ክሊኒኮች ገንዘብ አትክፈሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ለሌላ የረቲና ሕመም ከስባቸው የወጣ ሴል ሁለት ዓይናቸውን የተወጉ ሦስት ሴቶች እይታቸውን ክፉኛ ማጣታቸው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተዘግቧል።