«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

የልጅ ልጄ ላፕቶፕ የተበላሸው የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ለጥቂት ቀናት እኔ ዘንድ ጎግ፣ ፑኝዶ መጥታ ሳለ ማታ መብራት ጠፋ። ባትሪው ስለደከመ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመጣ የዊንዶውስ አርማ ይታያል፣ ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ከዚያ ድርግም ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ነርስ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር የነካሁት ጡረታ ልወጣ ስል ነው። ግን በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ታሪኩን መጠየቅ ልማዴ ነው። «መብራቱ ሲጠፋ ምን እየሠራ ነበር?» አልኳት። «አፕዴት እያደረገ ነበር፣ እማማ።» እንግዲያው ማሽኑ ተቃጠለ ከማለት በፊት ሲስተሙ ሥራውን ሳይጨርስ ተቋርጧል ብሎ መጠርጠር ይሻላል።

ቻርጀሩን ነቀልን፣ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነን ይዘን እንደገና አበራነው። አልሆነም። ሲነሳ ሁለት ሦስቴ ስናቋርጠው የጥገናው ገጽ መጣልን፤ ራሱን እንዲጠግን አዘዝነው፣ አልቻለም። በማግስቱ በአቦቦ በኩል ጋምቤላ ከተማ ገባን።

ጠጋኙ ወጣት ትሑት ነው። «ሲስተር፣ አያስቡ። ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ እጭናለሁ። የማጠፋው ሲን ብቻ ነው፣ ዲ አይነካም» አለኝ። እጁን ያዝኩት።

ከስድስት ዓመት በፊት ሌላ ቤት ይህንኑ ብለውኝ አምኜ ሰጥቻለሁ። የባለቤቴ ፎቶዎች፣ ከመሞቱ በፊት ባለው ዓመት የተነሳናቸው ሁሉ፣ ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ። ዴስክቶፕ ላይ የምናየው፣ «ዶክመንትስ» ውስጥ የምናስቀምጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ሲ ውስጥ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ሲ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። የቀረኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አንድ ፎቶ ነው።

«የልጅቷ ጽሑፍ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ነው» አልኩት። ወጣቱ ሳይከፋው ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሲስተም የያዘ ፍላሽ ሰካ። ይህ ሲስተም ላፕቶፑ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ ይነሳል፤ የታመመውን ዊንዶውስ ሳይነካ ፋይሎቹን ያሳያል። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ እንጠየቅ ነበር፤ ደግነቱ አልተቆለፈም። ሁሉም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተገለበጠ። እኔ ግን ጽሑፉ በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ የመጨረሻውን ገጽ ካላየሁ አልተነሳም አልኩ። ያን ቀን ሳልጨቀጭቀው አልቀረሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ። ዊንዶውስ 11 ጫነልን፤ ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነውና ማሽኑ 11ን ከቻለ ወደ ኋላ መመለስ አያዋጣም። ማሽኑ ሲገዛ ሕጋዊ ዊንዶውስ ከነበረው ደግሞ ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱን ራሱ ያስታውሳል፤ ለዚህ ተብሎ ሌላ ገንዘብ ስትጠየቁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ፋይሎቹ ሲመለሱ አንድ ድንጋጤ ገጠመን። በአማርኛ የተጻፈው መጠይቅ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ሆኖ ተከፈተ። «ተበላሸ!» ብላ ጮኸች። የጽሕፈት ቤት ሴትዮዋ የጻፈችው በቀድሞው ፓወር ግዕዝ ነበር፤ አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ፊደል አያውቀውም። ወጣቱ ፓወር ግዕዙን ሲጭነው «የተጠያቂው ዕድሜ» የሚለው መስመር ተመልሶ ብቅ አለ።

ጽሑፏን ሁለት ቀን ሲቀራት አስረከበች። ቅጂው ያለበትን ፍላሽ ለእኔ ትታው ሄደች። ልጆቼ ሕፃን ሳሉ የተከተቡበትን ካርድ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።