ከድስት መያዣ እስከ አልጋ ልብስ

የቁራጭ ጨርቅ ስፌት ከልብስ፣ ከአንሶላና ከመጋረጃ የተረፈን ብጣሽ በአንድ ልክ ቆርጦና አጋጥሞ በመስፋት አዲስ ዕቃ የማውጣት ሙያ ነው። የተሟላ ሥራ ሦስት ድርብ አለው፤ ከላይ የተገጣጠመው ቁራጭ፣ ከመሀል ማሞቂያው፣ ከታች ገበሩ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከላይ እስከ ታች ወግቶ የሚያልፈው ስፌት ነው። እሱ ከሌለ አንድ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ማሞቂያው ተንሸራቶ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ብርድ የሚከላከለው ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ በድርቦቹ መሀል የታመቀው አየርም ነው። ጋቢ በአራት ድርቡ የሚያሞቀው በዚሁ ብልሃት ነው።

በአማርኛ ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ቃል «ድሪቶ» ነው፤ መደረት ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ቃሉ ሲነገር የድህነት ልብስ ይታሰባል፤ ንቀትም አለበት። ሙያው ግን የሚናቅ አይደለም። የቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው በተራ የእጅ ስፌት ካንታ የሚባለውን ልብስ ይሠራሉ። በህንድ ካርናታካ ግዛት የሚኖሩት፣ ዘራቸው ከአፍሪካ የሚመዘዘው ሲዲዎች ደግሞ ካዋንዲ የሚሉት አላቸው። ስፌቱን ከጠርዝ ጀምረው ዙሪያውን እየዞሩ ወደ መሀል ይገባሉ፤ በየማዕዘኑም ፉላ፣ ማለትም አበባ፣ ብለው የሚጠሩትን የታጠፈ ቁራጭ ሳያኖሩ ሥራው አለቀ አይሉም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ በምትባለው የወንዝ ዳር መንደር፣ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው አልጋ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል፤ በ2006 ደግሞ 10ሩ በአገሪቱ ቴምብር ላይ ታትመዋል። ሁሉም የተነሡት ከቤት ችግር ነው፤ ሁሉም የደረሱት ከጥበብ ነው።

ጀማሪዎችን የሚያስተምር ባለሙያ በየጊዜው የሚያየው አንድ ስህተት አለ። ጀማሪ ዓይኑን የሚጥለው አልጋ ልብስ ላይ ነው። ለአንድ ሰው አልጋ 300 የሚያህል ቁራጭ ይቆርጣል፤ ሃምሳውን ይሰፋል፤ መጋጠሚያው ይዛነፍበታል፤ የቀረው በማዳበሪያ ታስሮ አልጋ ሥር ይገባል። መፍትሔው ሥራውን ከማዕድ ቤት መጀመር ነው። የድስት መያዣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ ማታውኑ አገልግሎት ላይ ይውላል። ቀጥሎ የድስት መጠቅለያ፣ መጨረሻ ላይ አልጋ ልብሱ ይመጣል። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ እጅ አልጋ ልብሱ ጋ ሲደርስ ልኩን አውቆ ነው።

ጨርቁን መለየት

ብጣሽ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ልብስ ሰፊ ቤት ደጃፍ ላይ በማዳበሪያ የታጨቀ ቁርጥራጭ አለ፤ በየቤቱም አንገትጌው የነተበ ሸሚዝና መሀሉ የሳሳ አንሶላ አይጠፋም። የመጀመሪያው ሥራ ጥጡን ከሰው ሠራሹ መለየት ነው። ከጨርቁ ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር ተመዞ፣ በወረንጦ ተይዞ፣ በብረት ሳህን ላይ ይለኮሳል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድዳል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይበንናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲበርድ እንደ ዶቃ የጠነከረ ጓል ይሆናል። ለማዕድ ቤት ዕቃ ፊትና ገበር ጥጥ ብቻ ይመረጣል፤ ትኩስ ብረት ላይ የቀለጠ ጨርቅ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ነው።

የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ቲሸርት፣ ከማይለጠጥ ጋር አይሰፋም። ያረጀ ጨርቅ ወደ ብርሃን ከፍ ተደርጎ ይታያል፤ ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፈው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል። አዲስ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ ከሆነ ከታጠበው ጎን ተጨማዶ ይቀራል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ስለሚለቅ ለብቻው ይነከራል። ከደረቀ በኋላ ሁሉም በካውያ ይተኮሳል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ልክ አይሰጥም።

ቀጥሎ ከጠንካራ ካርቶን 12 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ መለኪያ ይቆረጣል። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ስለሚሄድ፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ 10 በ10 የሆነ ቁራጭ ይወጣል። መለኪያው በጨርቁ ላይ ሲቀመጥ ጎኖቹ ከድሩና ከማጉ ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ መርፌ ሥር ሲገባ ስለሚለጠጥ አራት ማዕዘኑ ይጣመማል። ለምልክት ሳስቶ የደረቀ የሳሙና ቁራጭ ይበቃል፤ ሲታጠብ አሻራ አይተውም።

የመጀመሪያው ሥራ፦ የድስት መያዣ

ለአንድ የድስት መያዣ ሁለት ደማቅና ሁለት ፈዛዛ ቁራጭ ይበቃል። አንዱ ደማቅ ከአንዱ ፈዛዛ ጋር ፊት ለፊት ተደርጎ ይሰፋል፤ ሁለተኛውም ጥንድ እንዲሁ። ከዚያ የስፌቱ ትርፍ በሁለቱም ጥንድ ወደ ደማቁ ጨርቅ ይተኮሳል። ጥንዶቹ ደማቁ በፈዛዛው ላይ እንዲያርፍ ሆነው ሲገጣጠሙ፣ የአንዱ ትርፍ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ይዞራል። መጋጠሚያው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተይዞ በቀስታ ሲታሽ፣ ሁለቱ ትርፎች ይንሸራተቱና አንድ ቦታ ላይ እርስ በርስ ተነካክሰው ይቆማሉ። ይህን ዓይን ከማየቱ በፊት ጣት ያውቀዋል። ስፒል የሚሰካው ያን ጊዜ ነው። ሲንጀርም ሆነ የእጅ መርፌ በዚያ ነጥብ ላይ ካለፈ፣ ሲገለጥ አራቱ ማዕዘኖች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። የሙያው ዋና ትምህርት ይህ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ አልጋ ልብሱ የዚህ መጋጠሚያ ድግግሞሽ ነው።

የተገኘው ፊት በተመሳሳይ ልክ ከተቆረጠ የጥጥ ገበር ጋር ፊት ለፊት ይደረጋል። ከሥሩ ሁለት ድርብ አሮጌ የጥጥ ፎጣ ይነጠፋል። ዙሪያው ሲሰፋ መገልበጫ የሚሆን አንድ ጭብጥ የሚያህል ክፍት ይተዋል። ከተገለበጠ በኋላ ክፍቱ በእጅ ይዘጋል፤ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት ሰያፍ መስመር ተሰፍቶ ድርቦቹ ይያያዛሉ። የተጠናቀቀው መያዣ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ እርጥብ ሆኖ ትኩስ ነገር አይያዝበትም። ውሃ በድርቦቹ መሀል የነበረውን አየር ተክቶ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ እጅ ያስተላልፋል።

ይህ መያዣ ሥራውን የሚጀምረው ሽሮ ድስት ላይ ነው። ጥሩ ሽሮ የሚጀምረው ከቁሌቱ ነው። የደቀቀ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ እንዳያር ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እየተገታ ይቁላላል። ውሃውን ጨርሶ ሲሟሽሽ ዘይት ይጨመራል፤ ነጭ ሽንኩርት ይከተላል። ከዚያ ለአንድ ስኒ ሽሮ ሦስት እስከ አራት ስኒ ውሃ ይደረጋል። ውሃው ሲፈላ አንዱ እጅ ዱቄቱን እየነሰነሰ ሌላው ያማስላል፤ በአንዴ የተደፋ ሽሮ ይጓጉላል። እሳቱ ዝቅ ብሎ ሽሮው እየተንተከተከ 15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። መብሰሉን የሚናገረው ሰዓቱ ሳይሆን ዘይቱ ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለበት ሲሠራ ጥሬው ጣዕም ጠፍቷል። ሽሮ ሲበርድ ስለሚወፍር ትንሽ ቀጠን እንዳለ ይወርዳል።

ሁለተኛው ሥራ፦ የድስት መጠቅለያ

የድስት መጠቅለያ 100 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጨርቅ ነው። ለዚህ ሥራ መለኪያው ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ሲሰፋ 20 ይሆናል፤ አምስት በአምስት ሲደረደር 25 ቁራጭ ይበቃል። ለማሞቂያ የተዳመጠ ጥጥ ባዘቶ፣ ያረጀ የሱፍ ሹራብ ወይም ሰው ሠራሽ ያልሆነ አሮጌ ብርድ ልብስ ያገለግላል። ባዘቶ ከሆነ የማያያዣው ስፌት ተቀራርቦ በየ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትሩ ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ጥጡ ይጓጉላል።

አገልግሎቱ ያለ እሳት ማብሰል ነው። የፈላ ድስት ክዳኑ ተገጥሞ ወዲያው ሲጠቀለል ሙቀቱ ስለማያመልጥ ምግቡ በራሱ ግለት መብሰሉን ይቀጥላል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ነዳጅ ለመቆጠብ ድስትን ድርቆ ሣር በተሞላ ሳጥን ውስጥ ቀብሮ ማብሰል ይመከር ነበር፤ መርሁ አንድ ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ ይህ ብልሃት የተለየ ጥቅም አለው። እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ያን ጊዜ በከሰል ወይም በቡታጋዝ ከመክፈል በጨርቅ መክፈል ይቻላል።

ቀይ ምስር ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ከቁሌቱ ጋር 10 ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ ተጠቅልሎ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ሽምብራ ግን ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ይንፈቀፈቅና ለሁለት ሦስት ሰዓት ይጠቀለላል፤ ካልለሰለሰ እንደገና ፈልቶ ይመለሳል። ቀይ ቦሎቄ ጥንቃቄ ይሻል። በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያውክ መርዛም ንጥረ ነገር ስላለው የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፤ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይል ሳይፈላ መጠቅለያ ውስጥ አይገባም።

ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ መሞላት አለበት፤ ጥቂት ምግብ ቶሎ ይበርዳል። ከመጠቅለሉ በፊት ከሥሩ ፍም እንዳልተጣበቀበት ይታያል፤ ጨርቅ ፍም ይዞ ቀስ ብሎ ይጨሳል እንጂ ወዲያው አይነድድም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ምግቡ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ለብ ብሎ እንዲውል አይፈቀድም፤ ሲገለጥ እንፋሎቱ ካልወጣ ቶሎ ተመልሶ ይፈላል።

ሦስተኛው ሥራ፦ አልጋ ልብሱ

አልጋ ልብሱ ሲጀመር እጅ መጋጠሚያን ያውቃል፤ ቀሪው ሒሳብ ነው። 10 በ10 የሆኑ ዘጠኝ ቁራጮች ሦስት በሦስት ሲገጠሙ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ይወጣል። ወርዱ 150፣ ቁመቱ 210 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አልጋ ልብስ 5 በ7፣ በጠቅላላው 35 ክፍል ያስፈልጋል፤ ቁራጩ 315 ነው። በ18ቱ ክፍሎች አምስት ደማቅና አራት ፈዛዛ፣ በ17ቱ ደግሞ አራት ደማቅና አምስት ፈዛዛ ይገባል። እየተፈራረቁ ሲደረደሩ ጠቅላላው ልብስ እንደ ዳማ ገበታ ይሆናል። በምሽት አንድ ክፍል የሚሰፋ ሰው በ35 ምሽት ክፍሎቹን ይጨርሳል።

ክፍሎቹ ከመያያዛቸው በፊት ወለል ላይ ተነጥፈው ከርቀት ይታያሉ። አንድ ቀለም በአንድ ጥግ ከተከማቸ ቦታ ይቀያየራል። ከዚያ ገበሩ 170 በ230 ሆኖ ይነጠፋል፤ አቡጀዲ ወይም ደህና አንሶላ ይስማማዋል። በላዩ ማሞቂያው፣ በእሱ ላይ የተሰፋው ፊት ይዘረጋል። እንዳይንሸራተት በመርፌ ቁልፍ ወይም ኋላ በሚፈታ ትልልቅ የእጅ ስፌት ይያዛል። የማያያዣው ስፌት ሁልጊዜ ከመሀል ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የተረፈው ጨርቅ እየተገፋ ወደ ጠርዝ ይወጣል፤ መሀል ላይ አይጨማደድም። ሲዲዎች ከጠርዝ የሚጀምሩት ሌላ መንገድ ስለሚከተሉ ነው፤ ቁራጩን አስቀድመው ገጣጥመው ሳይሆን እያስቀመጡ ይሰፋሉ፤ ስለዚህ ጨርቁ መንገድ ላይ ይስተካከላል። በመጨረሻ ትርፉ ተከርክሞ ዙሪያው በጠባብ ረጅም ጨርቅ ይታሰራል። ዙሪያው 720 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለማዕዘንና ለመቀጠያ ጨምሮ 750 የሚሆን ይዘጋጃል።

ስፌት ምሽቱን በሚወስድበት በእንዲህ ያለው ወር ማዕድ ቤቱም ትርፉን በቅደም ተከተል መያዝ አለበት። እንጀራ ከሦስት ቀን አካባቢ በላይ ሲቆይ ይሻግታል። ስለዚህ ትኩሱ በወጥ ይበላል፤ ሦስተኛው ቀን ሳያልፍ የተረፈው እኩል እኩል ተቆራርሶ ፍርፍር ይሆናል። እኩል ያልተቆረሰ እንጀራ ትልቁ ደርቆ ትንሹ ይላቁጣል። ከዚህም የሚተርፈው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ፣ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይወጣዋል። ድርቆሽ ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ካልሰጠ እርጥበት አለበት፤ ከተከደነ ይሻግታል። በደንብ የደረቀ ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስፌት ባመሸበት ቀንም ቁሌት ብቻ ሠርቶ ከእሱ ራት ማውጣት ይቻላል።

እጥበትና ጥገና

አልጋ ልብሱ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። አይጠመዘዝም፤ ተጠቅልሎ ውሃው ይጨመቃል፤ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ወይም በሁለት ገመድ ላይ ተዘርግቶ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። እርጥብ ሆኖ በአንድ ገመድ ቢሰቀል ክብደቱ ስፌቱን ይበጥሳል። የበርበሬ ዘይት የነካው ቦታ ሳይደርቅ በሳሙና ይታሻል፤ በትኩስ ውሃ ወይም በካውያ ከተመታ ቀለሙ ይቀራል። የድስት መያዣው በአንጻሩ እንደ ማዕድ ቤት ፎጣ በየጊዜው በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ሳስቶ እጅ ማቃጠል ሲጀምርም በሌላ ይተካል።

ከቁራጮቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚያልቀው ከአሮጌ ልብስ የተቆረጠው ነው። ያ ሲሆን ልብሱ አይፈታም። 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ቁራጭ ጠርዙ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ባለቀው ላይ ይጣፍና ዙሪያው በጥቃቅን የእጅ ስፌት ይያዛል። ልኩ አንድ ስለሆነ ከጎረቤቶቹ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ መለኪያው ካርቶን ሥራው ሲያልቅ አይጣልም፤ ከተረፉት ብጣሾች ጋር ታስሮ ይቀመጣል።