አሮጌ ብር በጨረታ ሲሸጥ ዋጋው ከመጽሐፉ ለምን ይበልጣል?

ገራዶ ውስጥ በአንድ ቤት ከአያት የተወረሰ ጠገራ ብር አለ እንበል። ባለቤቶቹ ሊሸጡት ወደ ደሴ ቢያወጡት አንጥረኛው ሚዛን ላይ አስቀምጦ በክብደቱ ይገምተዋል። የሳንቲም ሰብሳቢዎችን የዋጋ መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ሌላ ዋጋ ይነግራቸዋል። የዚያው ዓይነት ብር በአውሮፓ ጨረታ ቀርቦ መጽሐፉ ከሚለው በላይ ያወጣበት ጊዜም አለ። ዕቃው አንድ ሲሆን ዋጋው ሦስት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛው ዋጋ ከሁለተኛው የሚበልጥበትን ምክንያት እንመረምራለን። ጉዳዩ የንግድ ብቻ ቢመስልም፣ ቀረብ ብለን ስናየው ስታቲስቲክስና ኬሚስትሪም አለበት።

በቅድሚያ ስለ ብሩ ራሱ ጥቂት እንበል። አባቶቻችን ማርትሬዛ ያሉት ይህ ገንዘብ የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን መልክ የያዘ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ያው ዓመተ ምሕረት እንደተጻፈበት መታተሙ ቀጠለ። በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይም ታትሟል፤ ጣሊያን በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ተረክባ በሮም ማተም የጀመረችው ኢትዮጵያን በወረረችበት ዓመት ነበር። በጠቅላላው የታተመው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ዐፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን መልክና አንበሳ ያለበት ብር በፓሪስ ቢያሳትሙም፣ የገጠሩ ሕዝብ ማርትሬዛውን በቀላሉ አልተወም። ሻጩ ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች አጥርተው መታየታቸውን ይመረምር ነበር። ይህ ምርመራ የዛሬዎቹ ሰብሳቢዎች የዕቃን ደረጃ ከሚለዩበት ዘዴ ብዙም የራቀ አይደለም።

መጽሐፉ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

አንድ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ፣ በውስጡ 23.39 ግራም ወይም 0.752 ትሮይ አውንስ ንጹሕ ብር አለ። (የገንዘባችንና የማዕድኑ ስም አንድ መሆኑ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ አንባቢ ይታገሠን።) በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ወደ 4 ዶላር ተኩል ነበር፤ ስለዚህ በማርትሬዛው ውስጥ ያለው ማዕድን የሚያወጣው 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያህል ነው። በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. አውንሱ ወደ 48 ዶላር ሲደርስ ያው ብር ቀልጦ እንኳ 36 ዶላር ያወጣ ነበር። ቀደም ባሉት ዓመታት የታተመ የዋጋ መጽሐፍ በዚያ ወር ለሻጭም ለገዢም አሳሳች ነበር ማለት ነው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የወጣው የክራውስና የሚሽለር የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግን የመሰለ ትልቅ ሥራ እንኳ ዋጋዎችን የሚሰበስበው ከመታተሙ በፊት ነው፤ አንባቢው እጅ ሲገባ የሚነግረው ያለፈውን ገበያ ነው። ዋጋ ሲወጣ መጽሐፉ ዝቅ ብሎ፣ ዋጋ ሲወርድ ከፍ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛው ችግር መጽሐፉ የሚያውቀው ጥቂት ደረጃዎችን ብቻ መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 እ.ኤ.አ. የሳንቲምን ይዞታ ከ1 እስከ 70 የሚለካ መለኪያ አወጣ፤ መነሻ ሐሳቡ 70 ያገኘ ሳንቲም 1 ካገኘው 70 ጊዜ ይበልጣል የሚል ነበር። ገበያው ግን ይህን ያህል ቅን አልሆነም። በላይኞቹ ደረጃዎች የአንድ ነጥብ ልዩነት ዋጋውን ብዙ ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም ያረጀው ብዙ፣ ያልተነካው እጅግ ጥቂት ነው። መጽሐፉ «በጣም ጥሩ» በሚል አንድ ዓምድ ሥር የሚያጠቃልላቸው ሳንቲሞች በዓይን ሲታዩ እኩል አይደሉም። ከዓምዱ አናት ላይ ያለው ከአማካዩ በላይ መሸጡ ሊያስደንቀን አይገባም።

የተጫራቾች ቁጥር

ዋናው ምክንያት ግን በጨረታው ሒሳብ ውስጥ ያለ ይመስለናል። አንድን የምኒልክ ብር የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች ለዕቃው የሚሰጡት ግምት ከ400 እስከ 1600 ብር ባለው መካከል እኩል የተሠራጨ ነው እንበል (አኃዙ ለምሳሌ የተወሰደ ነው)። አማካዩ 1000 ብር ነው፤ ጥሩ የዋጋ መጽሐፍም ይህንኑ ይጽፋል። በድምፅ በሚካሄድ ጨረታ አሸናፊው የሚከፍለው ራሱ የገመተውን ሳይሆን፣ ሁለተኛው ተጫራች ያቆመበትን ዋጋና ትንሽ ጭማሪ ነው። ይህን በሒሳብ የተነተነው ዊልያም ቪክሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ1996 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በእኛ ምሳሌ n ተጫራቾች ቢኖሩ የሁለተኛው ከፍተኛ ግምት አማካይ ከ400 ላይ ተነሥቶ የ1200ን (n−1)/(n+1) እጅ ይጨምራል። ሁለት ተጫራቾች ሲሆኑ 800፣ ሦስት ሲሆኑ 1000፣ አምስት ሲሆኑ 1200፣ ዐሥር ሲሆኑ 1382 ብር ገደማ ይሆናል። የማንም ግምት ሳይለወጥ፣ ብሩም ሳይለወጥ፣ አዳራሹ ስለሞላ ብቻ ዋጋው ከመጽሐፉ አለፈ። በአንጻሩ ዝናብ ጥሎ ሁለት ሰው ብቻ የመጣ ዕለት ያው ዕቃ ከመጽሐፉ በታች ይሸጣል።

ስለዚህ «አሮጌ ዕቃ ሁልጊዜ ከመጽሐፉ በላይ ያወጣል» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ተራ ቴምብርና ተራ ሳንቲም በአብዛኛው ከካታሎግ በታች ይሸጣሉ። ከፍ ያለው ግን ወሬ ስለሚሆን ይሰማል። የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ሥዕል ያለበት የ1952 እ.ኤ.አ. የቶፕስ ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ዓለም ሰምቷል፤ በዚያው ዓመት በሳንቲም የተሸጡትን እልፍ ካርዶች የዘገበ የለም። በዚህ ላይ «የአሸናፊው መርገም» የሚባለው አለ፦ ዕቃው ለሁሉም አንድ ዓይነት ዋጋ ያለው ሆኖ ግምቱ ብቻ ቢለያይ፣ የሚያሸንፈው አብዝቶ የተሳሳተው ነው። ይህን በ1971 እ.ኤ.አ. ያስተዋሉት የነዳጅ ጉድጓድ ጨረታን ያጠኑ መሐንዲሶች ናቸው።

መጽሐፉ የማይመዘግበው ነገርም አለ። ካታሎግ የሚዘረዝረው ነጠላ ቴምብርን ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ከምኒልክ ቴምብር ጋር የጅቡቲን ቴምብር ጭምር መያዝ ነበረበት። ሁለቱም ተለጥፈው ማኅተም ያረፈባቸው ፖስታ ቢገኝ፣ ቴምብሮቹን ነቅሎ በየፊናቸው መደመር ዋጋውን አያደርስም። ነቅሎ የሸጠ ሰው ማስረጃውን አጥፍቷል።

በወሎ ይህ የማስረጃ ጥፋት ከገንዘቡ ይልቅ ያሳስበናል። በባቲ ገበያ የሚታወቀው የብር ጌጥ ብዙው የተሠራው ከቀለጠ ማርትሬዛ ነው። ጆሮ የተበየደበት ብር ለሳንቲም ሰብሳቢ የተበላሸ ዕቃ ሲሆን፣ የጌጥን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ግን ማን አሠራው፣ ማን አጠለቀው የሚለው ጥያቄ ያለበት ሰነድ ነው። በአሸዋ ወይም በአመድ ተፈትጎ ያብረቀረቀ ብር ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም፤ ሰብሳቢው የሚፈልገውን የገጽታ ሽፋን መፈተጉ ያነሣዋል። ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለሚከለክል፣ የውጭው የጨረታ ዋጋ ለገራዶው ቤተሰብ በቀጥታ የሚደርስ ዋጋ አይደለም።

ቤተሰቡ ከመሸጡ በፊት ብሩ እውነተኛ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይችላል። የብር መጠነ እፍግታ 10.49፣ የመዳብ 8.96 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የማርትሬዛው ቅይጥ 10.2 ያህል ይሆናል። ጆሮ የሌለውን ብር በቀጭን ክር አንጠልጥለን በውኃ ውስጥ ብንመዝነው፣ በአርኪሜዲስ ሕግ መሠረት ከክብደቱ 2.75 ግራም ገደማ ይቀንሳል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው የነሐስ አምሳያ ግን መጠኑ ሰፋ ስለሚል 3.3 ግራም ያህል ያጣል። ልዩነቱ ግማሽ ግራም ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሚዛን ይለየዋል።