በቤት ውስጥ የደረሰ ሞት በኮምፒውተር እንዴት ይመረመራል?

በጉንችሬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎችም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ገጠር ብዙ ሰው የሚሞተው ሐኪም በሌለበት፣ በገዛ ቤቱ ነው። ዕድርተኛው ይቀብራል፣ ቤተሰቡ ያዝናል፤ የሞቱ መንስኤ ግን በየትኛውም መዝገብ ሳይሰፍር ይቀራል። ሰዎች በምን እንደሚሞቱ ካልታወቀ ደግሞ የመድኃኒትና የባለሙያ ምደባ በግምት የሚሠራ ይሆናል። ይህን ክፍተት ለመሙላት በኢትዮጵያ ከተካሄዱት ቀደምት ጥረቶች አንዱ የተጀመረው እዚሁ ጉራጌ ምድር፣ በቡታጅራ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ነዋሪዎቻቸው ተቆጠሩ። ከዚያ በኋላ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን፣ ወደ ቀበሌው የገባውንና የወጣውንም ሰው ይመዘግቡ ጀመር።

የገባና የወጣ ሰው ለምን ይቆጠራል? አርሶ አደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሃያ ኩንታል ስንዴ አገኘሁ ያለ ሰው ከስንት ሄክታር እንዳገኘ ካልተናገረ ምርቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይታወቅም። ሞትም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀበሌ በዓመት 12፣ በሌላው 6 ሕፃናት ሞቱ እንበል። የመጀመሪያው የባሰ ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው 600፣ በሁለተኛው 200 ሕፃናት ዓመቱን ሙሉ ከኖሩ፣ ስሌቱ ከሺህ 20 እና ከሺህ 30 ይሆንና ነገሩ ይገለበጣል። በዓመቱ አጋማሽ ወደ ወልቂጤ የሄደ ሕፃን ደግሞ የሚቆጠረው በግማሽ ዓመት ነው። ይህን በእጅ ማስላት አድካሚ ነው፤ እንደ ኢፒ ኢንፎ፣ ስታታና አር ያሉ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ግን በቅጽበት ይጨርሱታል።

ሶፍትዌሩ ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎትም አለው፤ ከችኩል ፍርድ ይጠብቃል። ከላይ ባለው ምሳሌ የሞቱት ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ አጋጣሚ ብዙ ያወዛውዘዋል። ሲሰላ የመጀመሪያው ቀበሌ እውነተኛ የሞት መጠን ከሺህ ከ10 እስከ 35፣ የሁለተኛው ደግሞ ከ11 እስከ 65 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በሰፊው ስለሚደራረቡ፣ ሁለተኛው ቀበሌ በእርግጥ የባሰ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ብዙ ዓመት መከታተል ያስፈለገውም በዚህ የተነሳ ነው።

የሞቱን መንስኤ ለማወቅ ጠያቂው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። ሟቹ ትኩሳት ነበረው? ሳል ስንት ሳምንት ቆየበት? ከስቶ ነበር? ቀድሞ መልሶቹን የሚያነቡት ሐኪሞች ነበሩ፤ እነርሱም በሥራ የተወጠሩ ናቸው፣ አንዳንዴም አይስማሙም። ፒተር ባያስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ኢንተርቪኤ የተሰኘ ሶፍትዌር ግን እያንዳንዱን ምልክት ከየበሽታው ጋር ያለውን ዝምድና መዝኖ፣ ይህ ሞት በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባ ወይም በሳንባ ምች የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት በታተመ ጥናት፣ ከቡታጅራ የተሰበሰቡ 289 ቃለ መጠይቆች በዚህ መንገድ ተመርምረው፣ ውጤቱ በጥቅሉ ሐኪሞቹ ከሰጡት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ለአንድ ግለሰብ ሞት የመጨረሻ ፍርድ መስጫ አይደለም፤ የሚጠቅመው የማኅበረሰብን ገጽታ ለማሳየት ነው።

ሶፍትዌሩ የሞት ቀን ከልደት ቀን ቀድሞ ቢጻፍ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ ይቻላል። ቤተሰቡ በሐፍረት የደበቀውን ሳል ግን አያውቅም። ዕድሜ በግምት «ሃምሳ» ተብሎ ሲነገርም ሃምሳ ብሎ ይቀበላል።

ስለዚህ ለጥናት የሚመጣ ጠያቂ ሲያጋጥም ቀኑን በበዓል ማስታወስ ይረዳል፤ ከመስቀል ወይም ከአረፋ ስንት ሳምንት በፊት እንደነበር መናገር ከግምት ይሻላል። ጠያቂው የጥናቱን ዓላማ ማስረዳትና ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ተጠያቂውም እምቢ የማለት መብት አለው። ለትንተና በሚዘጋጀው መረጃ ላይ በስም ፋንታ የሚገባው መለያ ቁጥር ነው።